እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የእንግዳው ማደሪያ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



እንደሚታወቀው አብዛኛው ጀማዓችን የሚተዳደረው በንግድ ነው። ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሣይ ለጋሲዮን ድረስ በሱቅ፣ በጉልት፣ በምግብ ቤት፣ በልብስ ስፌትና በእህል ንግድ ሪዝቃቸውን የሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። ከዒሻ ሰላት በኋላ ወጣቶች ቀርበው ስለ ሥራ ምክር ሲጠይቁ በቅድሚያ የሚያነሡት የገንዘብን ነገር ነው። መነሻ ካፒታል ቢገኝ ሱቅ እንከፍታለን ይላሉ። በሱቁ ውስጥ ምን ሊሸጡ እንዳሰቡ ሲጠየቁ ግን ጎረቤታቸው የሚሸጠውን ዕቃ ይጠቅሳሉ። በዚህም ምክንያት በአንድ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ የደረደሩ ሱቆች ጎን ለጎን ይከፈታሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ይዘጋሉ።

ይህን ስንል ገንዘብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። እርሱም በዚህ ሥራ የማንን ችግር አቃልላለሁ የሚለው ነው። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚሰጠው ችግሩን ላቃለለለት ሰው ነውና። ይህንን ለማስረዳት በዚህች አጭር ጽሑፍ የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት መርጠናል። ሰውየዋ ሩቅ አይደሉም። ከመስጊዳችን በላይ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ የኖሩ፣ በመጨረሻም እዚያው ያረፉ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

እቴጌይቱ የክርስትና እምነት ተከታይ ሆነው ሳለ በመስጊድ መጽሔት ላይ ታሪካቸው ስለምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በዱንያ ሥራ ላይ ጠቃሚ ጥበብን ከየትም ቢሆን መውሰድ ዑለማዎቻችን ያስተማሩን ነገር ነው። በተጨማሪም የምንኖርበት ከተማ የተቆረቆረው እርሳቸው ባዩትና በመረጡት ቦታ ላይ በመሆኑ፣ ታሪካቸው የእኛም የመንደራችን ታሪክ ነው።

ትውልድና አስተዳደግ

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ፣ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ናቸው። በዘር ሐረጋቸው ከየጁ መሳፍንትም ይወለዳሉ። ያ የየጁ ቤት ወረ ሼህ በመባል የሚታወቅ ሲሆን መነሻው ከሙስሊም ቤተሰብ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ጣይቱ ያደጉት በምቾት ብቻ አልነበረም። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ጦርነት በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል ሆኑ። ቤተሰቡም ከነበረበት ሥልጣን ወረደ። ሕፃኗ ጣይቱ ትልቅ ቤት በአንድ ቀን እንዴት እንደሚፈርስ እያዩ አደጉ ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ እምብዛም የማይሰጠውን የፊደል ትምህርት ተምረው ማንበብና መጻፍ ቻሉ። ግዕዝ ያውቁ፣ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር በታሪካቸው ተጽፏል። የሰንጠረዥ ተጫዋች ከራሱ ጠጠር ይልቅ በፊቱ የተቀመጠው ሰው የሚያስበውን ለማወቅ ይጥራል። ይህ ልማድ በኋላ ሕይወታቸው ሁሉ የሚታይ ነው።

በመካከል ያልሰመሩ ትዳሮች ካሳለፉ በኋላ በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ጣይቱም በቀናት ልዩነት እቴጌ ተባሉ።

ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ

ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ላይ ያደረጉት ለጦርነት አመቺ ስለነበር ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ነገር ግን ለጦር አመቺ የሆነ ቦታ ሁሉ ለኑሮ አመቺ አይደለም። እንጦጦ ብርዱና ነፋሱ የበረታ ነው። ውሃ ከታች ወደ ላይ መሸከም ያስፈልጋል። ማገዶውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተመናምኖ ነበር። እኛ የየካ ነዋሪዎች ይህን ለማመን መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገንም። ዛሬም ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ጉብጠት ያየ ሰው በዚያ ተራራ ላይ ቤተሰብ ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የቤተ መንግሥቱን ጓዳ የሚያስተዳድሩት እቴጌይቱ ስለነበሩ የውሃውና የእንጨቱ ችግር መጀመሪያ የሚደርሰው ወደ እርሳቸው ነበር። ወንዶቹ ተራራውን እንደ ምሽግ ሲያዩት እርሳቸው እንደ ቤት አዩት። ወደ ፍልውሃ እየወረዱ በሙቅ ውሃው በሚታጠቡበት ጊዜ የሜዳውን ልምላሜና የአየሩን መስማማት ተመለከቱ። በ1879 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በሐረር ዘመቻ ላይ በነበሩበት ወቅት፣ በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚል ስም አወጡለት። መኳንንቱም እየተከተሉ በዙሪያው ቦታ ያዙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መናገሻው ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እንጦጦ ላይ ብርድ እንዳለ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ውሃ የሚቀዱት ያውቁ ነበር፣ ጭነት የሚያወጡት ያውቁ ነበር። ሁሉም ግን ችግሩን እንደ ተፈጥሮ ቆጥሮ ይሸከመው ነበር። የጣይቱ ብልህነት ሌላው ለምዶ የተወውን ችግር ሊወገድ የሚችል ችግር አድርገው መቁጠራቸው ላይ ነው። ጥሩ ነጋዴም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ እያማረረ የሚያልፍበት ነገር እርሱ ዘንድ ሲደርስ ሥራ ይሆናል።

ከተማይቱ ወደ ታች ከወረደች በኋላም የማገዶው እጥረት ቀጠለ፤ ዐፄ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደረሱ። በኋላ ግን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚያድግ ሆኖ በመገኘቱና በብዛት በመተከሉ አዲስ አበባ ባለችበት ጸናች። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከዚያ ዘመን ችግር የበቀለ መፍትሔ ነው።

የመቀሌው ምንጭ

የእቴጌይቱ ስም በይበልጥ የሚነሣው በዐድዋ ዘመቻ ነው። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያን በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር ለማዋል የታሰበበት መሆኑ በታወቀ ጊዜ አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ዘመቻው ሲጀመርም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ።

የኢጣሊያ ጦር በሻለቃ ጋሊያኖ መሪነት በመቀሌ ጠንካራ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደሮች ምሽጉን ፊት ለፊት ለመስበር ባደረጉት ሙከራ ብዙ ሰው ወደቀ። በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ምሽጉን ከመምታት ይልቅ በውስጡ ያሉት ሰዎች ከሁሉ በላይ ምን እንደሚያስፈልጋቸው አሰቡ። ጥይት አላቸው፤ ግንብ አላቸው፤ የሚጠጡትን ውሃ ግን የሚቀዱት ከምሽጉ ውጪ ካለ ምንጭ ነው። ስለዚህ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸው ወታደሮችም ያዙት። ጥቂት ሳምንታት ሳያልፍ በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። ዐፄ ምኒልክም ጦሩ መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት። መድፍ ያልሰበረውን ግንብ ጥም ሰበረው።

ከአንድ ወር በኋላ በዐድዋው ውጊያ ዕለት ደግሞ እቴጌይቱ ውሃውን በተቃራኒው መንገድ ተጠቀሙበት። ሴቶቹን አሰማርተው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲመላለስ አደረጉ። በመቀሌ ጠላትን ያስጠሙት በዐድዋ ወገንን አጠጡ። ሁለቱንም ያስቻላቸው አንድ ዕውቀት ነው፤ ይኸውም ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ማወቅ። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

እንግዳው የት ይደር?

ከዐድዋ ድል በኋላ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ተሰማ። የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ላኩ። እንግሊዝ፣ ፈረንሣይ፣ ሩሲያና ኢጣሊያ ለጋሲዮኖቻቸውን የሠሩት በእኛው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከቀበና ወንዝ ወዲህ ባለው ምድር ላይ ነው። ፈረንሣይ ለጋሲዮን እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከመልእክተኞቹ ጋር ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ አዳኙና የጋዜጣ ጸሐፊው መጣ። ሕንዱ፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑም በአራዳ አካባቢ ሱቅ ከፈተ። የባቡር ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ስለ ደረሰ የመንገዱ ርዝመት ያስፈራው የነበረ ሰው ሁሉ መምጣት ጀመረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንግዳ የት ያድር ነበር? በቀድሞው ልማድ የውጭ አገር ሰው የንጉሥ እንግዳ ነው። ከቤተ መንግሥት ድርጎ ይሰፈርለታል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ ይላክለታል። በጉዞ ላይ ሲሆንም የየአካባቢው ገበሬ እንዲቀልበው ይታዘዛል። ማደሪያው ብዙ ጊዜ ራሱ የተከለው ድንኳን ነው። ይህ ልማድ በዓመት ጥቂት እንግዳ በሚመጣበት ዘመን ያማረ እንግዳ ተቀባይነት ነበር። እንግዳው ሲበዛ ግን ለቤተ መንግሥቱም፣ ለገበሬውም፣ ለእንግዳውም የማይመች ሆነ። ገበሬው ያለ ዋጋ መቀለቡ ሸክም ሆነበት። እንግዳውም ቢሆን ገንዘብ ይዞ እየዞረ የሚከፍልበት ቤት አላገኘም።

እቴጌ ጣይቱ ያዩት ይህንን ነው። ሌላው ሰው የእንግዳ ብዛት ሲያይ እርሳቸው ሊከፍል ፈልጎ የሚከፍልበት ያጣ ደንበኛ አዩ። በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. በአራዳ፣ ዛሬ ፒያሣ በምንለው ሰፈር፣ እቴጌ ሆቴል ተከፈተ። በሀገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እየተባለ የሚታወቀው ይኸው ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ሆቴሉ ባቡሩን ወደ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ጠበቀው ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዕውቀት እቴጌይቱ ከውጭ አላስመጡትም። በእጃቸው ነበር። የቤተ መንግሥቱ ግብር በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚመገብበት ነው። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያዘጋጁት ድግስ በዜና መዋዕል እስከመመዝገብ የደረሰ ነበር። እህሉን ማስፈጨት፣ በርበሬውን ማስደለዝ፣ ማዕዱን በተራ ማሰለፍ፣ የሠራተኛውን ብዛት መመጠን የለመዱት ሥራ ነው። ስለሆነም ለብዙ ሰው በነፃ ያበሉ የነበሩት ሴት ያንኑ ሙያ ለሚከፍል ሰው አዋሉት። ከዚህ የምንማረው አዲስ ሥራ ስንጀምር እጃችን ከለመደው ሙያ መነሣት እንደሚገባን ነው። በቤቷ የምትጋግረው እንጀራ ጎረቤት የሚያደንቀው እህታችን፣ ወይም የቤቱን ቧንቧ ራሱ የሚጠግነው ወንድማችን መነሻው በእጁ ነው።

ደንበኛው በሩን አልፎ ሲሄድ

ሆቴሉ ተከፈተ፤ ነገር ግን ችግሩ በዚያ አላለቀም። የሀገሬው ሰው አልገባበትም። በዚያ ዘመን ሰው የሚበላው በቤቱ፣ በዘመዱ ቤት ወይም በጌታው ግብር ላይ ነው። ለባለ ማዕረግ ሰው እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ዘመድ እንደሌለው መቆጠር ነበር። ማብሰልና መሸጥም ከትልቅ ሴት የሚጠበቅ ሥራ አልነበረም። እቴጌይቱ ግን ስማቸውን በሆቴሉ ላይ ከማኖር አላፈሩም።

በታሪክ እንደሚነገረው ዐፄ ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ። ተቀምጠው በሉ፤ ከዚያም ሒሳቡን ከፈሉ። የዚህ ነገር ፍሬ ያለው በመብላቱ ሳይሆን በመክፈሉ ላይ ነው። ከቤተ መንግሥቱ አንድ ሺህ ሰው መጥቶ በነፃ ቢበላ ሌላ ግብር ከመሆን አያልፍም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ገንዘብ አውጥተው ሲከፍሉ ግን ነገሩ ነውር መሆኑ ቀረ። መኳንንቱም ተከተሉ፤ ቀስ በቀስም ሌላው ሕዝብ ለመደ።

ብዙ ነጋዴ ደንበኛ ባጣ ጊዜ ሰዉን ይወቅሳል። ሕዝቡ አይገባውም ይላል፤ ወይም ጎረቤቱ መተት አድርጎብኛል ብሎ ይጠረጥራል፤ ይህም ወደ ሽርክ በር የሚወስድ አደገኛ ነገር ነው። እቴጌይቱ ግን ሰው የማይመጣበትን ምክንያት ፈለጉ። ምክንያቱ የምግቡ ጣዕም አልነበረም፤ የቤቱም ጥራት አልነበረም። ምክንያቱ ሐፍረት ነበር። ሐፍረትን ዋጋ በመቀነስ ማስወገድ አይቻልም፤ የተከበረ ሰው በፊት ሲሠራው ግን ይወገዳል። መድኃኒቱ ለበሽታው የተስማማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ እኛ ከሱቃችን ገብቶ የሚበላ ንጉሥ ከየት እናመጣለን ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የእቴጌይቱ መፍትሔ ሥልጣን የነበረበት ነው፤ ሁሉም ሰው ሊያደርገው አይችልም። ትምህርቱ ግን ከንጉሥ ጋር የተያያዘ አይደለም። በየሰፈሩ ሰው የሚያምነው ሽማግሌ፣ የሚታወቁ እናት፣ ቃሉ የሚሰማ ባለ ሙያ አለ። አዲስ ነገር ይዞ የመጣ ነጋዴ መጀመሪያ እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች በሐቅ ቢያገለግል ሌላው ይከተላል። ከዚህም ጋር ደንበኛው ለምን አልፎ እንደሄደ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋጋው ከብዶት ነው? ሰዓቱ አልተመቸው ይሆን? የሚፈልገው በአነስተኛ መጠን ቢሆንስ? ለቀን ሠራተኛ ግማሽ ሊትር ዘይት ቀንሶ የሚሸጥለት ሰው ከባለ አምስት ሊትሩ ይልቅ ይጠቅመዋል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ መልሱ ግን ገንዘብ ያመጣል።

የመጨረሻው ዘመን

ዐፄ ምኒልክ በጠና ሲታመሙ የመንግሥቱ ሥራ በአብዛኛው በእቴጌይቱ እጅ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ዘመዶቻቸውንና የሰሜን ሰዎችን ለሹመት ያቀርባሉ በሚል ከሸዋ መኳንንት ጋር ተቃቃሩ። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። የእንግዳውንና የጠላትን ፍላጎት አስቀድመው ያወቁት ሴት በአጠገባቸው ያሉት መኳንንት ምን እንደሚፈልጉ አላዩም፤ ወይም አይተው ችላ አሉት። አብሮ የሚሠራውን ሰው ፍላጎት መዘንጋት ለነጋዴም ትልቅ ጉዳት ነው። ደንበኛውን እያስደሰተ ሠራተኛውን የሚበድል፣ ሸሪኩን የሚያስቀይም ነጋዴ ቤቱ ከውስጥ ይፈርሳል።

ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ እንዲወጡ ተደረገ። ከተማይቱን ከብርዱ አውጥተው ወደ ሜዳ ያወረዱት እርሳቸው ሆነው ሳለ የመጨረሻ ዓመታቸውን በዚያው ብርድ ላይ አሳለፉ። ከተራራው ላይ ሆነው ስም ያወጡላት ከተማ ስትሰፋ ይመለከቱ ነበር። በየካቲት ወር 1910 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸውም በኋላ ወደ በዓታ ተወስዶ ከባለቤታቸው ዐፄ ምኒልክ አጠገብ ዐረፈ።

ዙፋኑ ከእጃቸው ወጣ፤ ሹመቱም ለሌላ ተላለፈ። ከእርሳቸው በኋላ የቆየው ለእንግዳ ያሠሩት ቤት ነው። ሆቴሉ መንግሥታት ሲለዋወጡ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሎ፣ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት አደጋ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ እንኳ ታድሶ ሥራውን ቀጠለ።

ምንጩን የያዘ ሰው አደራ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በልባችሁ እንድትይዙት ወደ ጠየቅናችሁ ነጥብ እንመለስ። እቴጌ ጣይቱ የሰውን ፍላጎት በማወቅ በመቀሌ ምንጭ ዘጉ፤ በአዲስ አበባ ቤት ከፈቱ። ዕውቀቱ አንድ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ሁለት ነው። በመቀሌ የተዘጋው ምንጭ ሀገር ሊወርር በመጣ ጦር ላይ ነበር። ነጋዴ ግን በገበያ ላይ ጠላት የለውም። ደንበኛው ወንድሙ ነው፤ ጎረቤቱ ነው፤ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ሐቁ የተጠበቀ የአላህ ባሪያ ነው።

ታዲያ ዘይት ሊጠፋ መሆኑን ቀድሞ የሰማ ነጋዴ ዘይቱን ከመጋዘን ሸሽጎ ዋጋው እስኪንር ቢጠብቅ ምን አደረገ? ሕዝቡ ምን እንደሚያስፈልገው በትክክል ዐውቋል፤ ብልህም ነው። ነገር ግን ብልህነቱን በገዛ ጎረቤቱ ላይ የመቀሌን ምንጭ ለመዝጋት አዋለው። ይህ በሸሪዓችን ኢሕቲካር የሚባለው ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው ያወገዙት ኃጢአት ነው። ከእንዲህ ያለው ገንዘብ በረካ ይነሣል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን መንገድ ያሳዩን ታላቁ ሰሐባ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ናቸው። እርሳቸው ከባለቤታቸው ከነቢዩ ልጅ ከሩቅያ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደው የሀገራችንን ውሃ የቀመሱ ነጋዴ ነበሩ። ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ የሩማ የተባለችው ጉድጓድ ውሃዋ የሚሸጥ በመሆኑ ድሀው ይቸገር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህችን ጉድጓድ ገዝቶ ለሙስሊሞች ለሚያውል ሰው የጀነትን ምንዳ አበሰሩ። እንደሚተረከው ባለቤቱ ሙሉውን አልሸጥም ባለ ጊዜ ዑስማን ግማሹን ገዙ፤ አንድ ቀን የእርሳቸው፣ አንድ ቀን የባለቤቱ እንዲሆን ተስማሙ። በእርሳቸው ቀን ውሃው በነፃ ስለነበር ሰዉ የሁለት ቀኑን በአንድ ቀን ይቀዳ ጀመር። ባለቤቱም በተራው ቀን የሚገዛው ሲያጣ ቀሪውን ግማሽ ሸጠላቸው። ይህ የነጋዴ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ምንጩን ለመክፈት የዋለ ብልሃት ነው።

ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን በነፃ ይስጥ ማለታችን አይደለም። ሐላል ትርፍ የተፈቀደ ነው፤ እቴጌ ሆቴልም በነፃ አላሳደረም። ልዩነቱ ያለው ትርፉ ከምን መጣ በሚለው ላይ ነው። የሰውን ችግር በማቃለል የመጣ ትርፍ አለ፤ የሰውን ችግር በማስረዘም የመጣ ትርፍም አለ። ሁለቱም በሒሳብ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ይጻፋሉ። በአላህ ዘንድ ግን እኩል አይመዘኑም።

ስለዚህ ነገ ሱቅ ለመክፈት ያሰብህ ወንድሜ፣ ጉልት ለመቀመጥ ያሰብሽ እህቴ፤ ካፒታሉን ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ሳምንት ያህል በሰፈራችሁ ተዘዋውራችሁ ተመልከቱ። ሰዉ ምን ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል? በምን ይማረራል? የቱን ችግር ለምዶ ተሸክሞታል? የሌሊት ዘበኛው ቁርሱን የት ያገኛል? አዛውንቷ መድኃኒታቸውን ማን ያመጣላቸዋል? መልሱን ስታገኙ እጃችሁ የሚችለውን ምረጡ፤ በትንሹም ጀምሩ። ሰው ባይመጣ ምክንያቱን ጠይቁ። ያወቃችሁትን የሰው ችግር ደግሞ እንደ አማና ጠብቁት፤ መክፈቻ እንጂ መዝጊያ አታድርጉት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ በገበያችን ላይ በረካውን ያውርድልን፤ ከሚከፍቱት እንጂ ከሚዘጉት አያድርገን። ኣሚን።